ባለ ቀስተ ደመና ቀለም የአበባ ማስቀመጫ የተሠራበትን አገር ስለ ማወቅ

የጠጅ ብርሌ አገሩ የት እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ለመርሳ ወይም ለወልድያ ባለሱቅ፣ ብርሃን ሲነካው ቀለሙ የሚለዋወጥ አሮጌ የአበባ ማስቀመጫ ብርጭቆ ቢቀርብለት፣ ዋጋ ከመቍረጡ በፊት ገልብጦ መቀመጫውን ይመልከት። ይህ መልክ የሚገኘው ትኩሱ ብርጭቆ በብረታ ብረት ጨው ጢስ ሲታጠን ነው፤ በቦሄሚያም በአሜሪካም ስለ ተሠራ፣ ማማሩ ብቻውን አገሩን አይናገርም።

አሜሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘች። «ቼኮስሎቫኪያ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ዕቃ ከ1918 አይቀድምም፤ መንግሥቱ የቆመው በዚያው ዓመት ነውና። የቦሄሚያው የሎትዝ ፋብሪካ ሥራ ግን ብዙው ፊርማ የለውም፤ አታላዮችም የአሜሪካዊውን የቲፋኒን ስም እየጫሩበት አስወድደው ይሸጡታል። የፊርማው ጭረት በመቀመጫው አሮጌ ፍግፋጊ ላይ አዲስ ሆኖ ከታየ፣ ገዢው ገንዘቡን ይያዝ።