«ኦርጋኒክ» ለመባል ፍግ ብቻ አይበቃም

እንጦጦ ማርያም ካለችበት ተራራ የሚወርዱ ወንዞች አዲስ አበባን ሲያቋርጡ የፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይቀላቀልባቸዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በዚሁ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ጥናቶች አመልክተዋል። ስለዚህ ጎመኑ በፍግ ስለበቀለ ብቻ ኦርጋኒክ አይባልም፤ ውሃውና አፈሩም መመርመር አለባቸው።

የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። ለውጭ ገበያ ግን የገዢው አገር ደንብ መሟላት ይኖርበታል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ማሳው ለዓመታዊ ሰብል ከመዘራቱ በፊት 2 ዓመት፣ እንደ ቡና ላለው ቋሚ ተክል ምርቱ ከመሰብሰቡ በፊት 3 ዓመት ያህል ከተከለከሉ ኬሚካሎች ነጻ ሆኖ መቆየት አለበት።

የምርመራው ወጪ ለአንድ ገበሬ ከባድ ነው። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባል ማኅበራቱን ኦርጋኒክ ቡና ወደ ውጭ መላኩ የኅብረትን ጥቅም ያሳያል። ይሁን እንጂ በጋራ በሚሰጥ ማረጋገጫ የአንድ አባል ጥፋት ሁሉንም ሊያሳጣ ይችላል።

ስለሆነም የማኅበር መሪዎች የእያንዳንዱን ማሳ ወሰን፣ የውሃውን ምንጭ፣ የዘሩንና የርጭቱን ታሪክ በመዝገብ ሊይዙ፣ አባላትም ለማገዶ የሚነደውን ኩበት ለብስባሽ እንዲያውሉ ሊያስተባብሩ ይገባል። ሸማቹም ከስሙ ይልቅ የምስክር ወረቀቱን ይጠይቅ።