የከፈልንበት ኢንተርኔት የት ይቀራል?

የቤት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ብዙ ቤተሰብ የሚወስደው እርምጃ ከፍ ወዳለ ጥቅል መሸጋገር ነው። ወርኃዊ ክፍያው ያድጋል፤ መኝታ ቤት ሆኖ የሚያጠናው ተማሪ ግን ቪዲዮው አሁንም ይቆራረጥበታል። አንድ አገልግሎት በተከታታይ ደረጃዎች አልፎ ሲመጣ፣ በመጨረሻ የሚደርሰውን መጠን የሚወስነው ከሁሉም ጠባብ የሆነው ደረጃ ነው። ጠባቡ ሳይሰፋ ሌላው ላይ የሚወጣ ገንዘብ ለተጠቃሚው አይደርሰውም። በቤት ኢንተርኔት ደግሞ ጠባቡ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣው መስመር ሳይሆን፣ መስመሩን ተቀብሎ በቤት ውስጥ የሚያከፋፍለው ራውተር ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በወር 1,000 ብር የሚከፍል ቤት ከገዛው ፍጥነት ግማሹን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ በየወሩ የ500 ብር አገልግሎት ማንም ሳይጠቀምበት ይቀራል፤ በዓመት 6,000 ብር ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ ጥቅሉን በእጥፍ ቢያሳድግ ብክነቱንም አብሮ ሊያሳድግ ይችላል። ስለዚህ ብር ከማውጣት በፊት መለካት ይቀድማል።

መለካቱ ባለሙያ አይጠይቅም። ሌላ ሰው ኢንተርኔቱን በማይጠቀምበት ሰዓት ላፕቶፕን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ በነፃ ከሚገኙት የፍጥነት መለኪያዎች በአንዱ መሞከር ይቻላል። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅሎ እዚያው ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ መለካት፣ በመጨረሻም ችግር አለበት በሚባለው ክፍል መድገም ነው። በኬብል የተገኘው ቁጥር ራሱ ከውሉ በእጅጉ ካነሰ ጉዳዩ በአብዛኛው የአቅራቢው ስለሆነ፣ ውጤቱን ይዞ ማመልከት ይገባል። በኬብል ሙሉ ሆኖ አጠገቡ በዋይፋይ ከወረደ ራውተሩን መጠርጠር ነው፤ ላፕቶፑ ያረጀ እንዳይሆን ግን በሌላ ስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አጠገቡ ደህና ሆኖ መኝታ ቤት ሲደርስ ከሞተ ምክንያቱ ርቀትና ግድግዳ ነው። ልኬቱን ጠዋትና ማታ መድገምም ይጠቅማል። ምሽት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጠቀም፣ በኬብል ሲለካም ፍጥነቱ በዚያ ሰዓት ብቻ የሚወርድ ከሆነ መጨናነቁ ከቤት ውጭ ነው። አዲስ ራውተር ይህን አይፈታም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጥቅሎች የሚሸጡት በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስናወርድ ስክሪኑ የሚያሳየን ግን ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የ10 ሜጋ ቢት ደንበኛ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ሲያወርድ የከፈለበትን በሙሉ እያገኘ ነው።

ጥፋቱ የርቀትና የግድግዳ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው ርካሽ ነው። መስመር ዘርጊው ራውተሩን የሚያስቀምጠው ኬብሉ በሚገባበት ጥግ ስለሆነ፣ ዕቃው ከቡፌ ጀርባ ወይም ከቴሌቪዥን ሥር ተደብቆ ይቀራል። ከዚያ የሚወጣው ሞገድ የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በርና መስታወት እያቋረጠ ይደክማል። አብዛኞቹ ራውተሮች በሁለት ሞገዶች ይሠራሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ ርቆ ይሄዳል፣ ግን ዝግተኛ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌላ ችግር ይጨመራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ በተለምዶ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ብሎክ ያሉ በርካታ ቤቶች እነዚህን ሦስቱን ይሻማሉ፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው ሞገድ አካባቢ ይረብሻል። ቻናሉን መቀየር፣ ሳሎን ያሉትን ስልኮችና ቴሌቪዥን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር፣ ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል አውጥቶ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ምንም ወይም እጅግ ጥቂት ወጪ ነው። ፋይበር የገባበት ቤት ግን ቀጭኑን የፋይበር ገመድ መጎተትና ማጠፍ የለበትም። የፋይበሩ ሳጥን ባለበት ይቆይና ሁለተኛ ራውተር በኔትወርክ ኬብል ወደ መሐል ይወሰድ።

ራውተሩ ራሱ በየጊዜው እየጠፋ የሚበራ ከሆነ፣ ከመጣሉ በፊት አዳፕተሩ ይፈተሽ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚፈጠረውን የኃይል መዋዠቅ ፊት ለፊት የሚቀበለው አዳፕተሩ ነው። የደከመ አዳፕተር ራውተሩን ያበራዋል፤ ብዙ ስልኮች ሲገናኙና የኃይል ፍላጎቱ ሲጨምር ግን መሸከም ያቅተዋል። ተጠቃሚው ራውተሩ ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል። ምትክ አዳፕተር ሲገዛ ቮልቱ ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም የበለጠ። ዋጋው ከአዲስ ራውተር ጋር አይወዳደርም።

ከቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ከዚህም የሚበልጥ ትርፍ አለ። ወደ መኖሪያ ቤት የሚመጣው ፋይበር ብዙውን ጊዜ የሚከፋፈለው ኤሌክትሪክ በማይፈልጉ ማከፋፈያዎች ነው። ሰፈሩ ውስጥ መብራት ቢጠፋም፣ ከቴሌ ጣቢያው በኩል ኃይል እስካለ ድረስ ብርሃኑ ቤት ድረስ ይመጣል፤ የሞተው የእኛው ሳጥን ብቻ ነው። ለራውተር ተብሎ የሚሠራ አነስተኛ ባትሪ የፋይበሩን ሳጥንና ራውተሩን ለተወሰኑ ሰዓታት ያቆያቸዋል። ለውጭ ደንበኛ በኢንተርኔት የሚሠራ ወጣት አንድ ስብሰባ ቢያመልጠው የሚያጣው ሲሰላ፣ እኔ ከፈጣን ራውተር ይልቅ ይህን ባትሪ እንዲያስቀድም እመክረዋለሁ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ መግዛት ግድ ከሆነስ? ወጪው ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በባንኮች 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ራውተር ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ገበያውም ለገዢው አይመችም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ባሳተመው ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ጥሩው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ ከገበያ እንደሚወጣ አሳየ፤ በ2001ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ራውተር ገዢ ያለው እዚያው ቦታ ላይ ነው። መርካቶም ሆነ ቦሌ ሱቅ ገብቶ የሚያየው ካርቶንና የአንቴና ብዛት ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የሁለቱ ሞገዶች ድምር ነው። «ኤሲ 1200» የሚባለው 300 እና 867 ተደምረው፣ ወደ ላይ ተጠጋግተው የተጻፉ ናቸው። ሁለቱም በቤተ ሙከራ የሚታሰቡ ጣሪያዎች ሲሆኑ፣ አንድ ስልክ በተለምዶ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። በትንሹ የተጻፈው ግን ብዙ ይናገራል። የኔትወርክ ወደቡ 100 ሜጋ ቢት ብቻ ከሆነ፣ ዋይፋዩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢባል ከዚያ በላይ ከውጭ አይገባም። የ10 ወይም የ20 ሜጋ ቢት ደንበኛ ይህ አያሳስበውም፤ ከዋይፋይ ትውልዶች ለእርሱ ዋይፋይ 5 በቂ ነው፣ ዋይፋይ 6 ደግሞ ብዙ ስልክ ባለበት ግቢ ይረዳል። አከራይና ተከራይ ክፍያውን ተጋርተው በአንድ ራውተር የሚጠቀሙበት ግቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የምስክር ወረቀት መስጠት ለተጀመረለት ዋይፋይ 7 ዛሬ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣትን ግን ለተራ ቤተሰብ አልደግፍም።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣው ራውተርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ ብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ስለሆነ፣ ለዚያ መስመር የተሠራ ሞደም የእኛን ፋይበርም ሆነ የስልክ መስመር አይቀበልም። ሲም የሚገባበት ከሆነ ለአንድ ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩም ይታይ።

በሱቅ ውስጥ ፈጽሞ የማይጠየቀው ጥያቄ ግን አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ ይልካል የሚለው ነው። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤፍቢአይ የራውተር ባለቤቶች ዕቃቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ በይፋ ጠይቆ ነበር፤ ምክንያቱም ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ወደ 500,000 የሚደርሱ መሣሪያዎችን ይዞ ነበር። ብሪታንያ ደግሞ ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የሸማች ዕቃዎች አምራቾች ማሻሻያ የሚልኩበትን ዝቅተኛ ጊዜ እንዲያሳውቁ በሕግ አስገድዳለች፤ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ የይለፍ ቃልንም ከልክላለች።

እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የማጽደቅ ሥራ አለው። ከዚሁ ፈቃድ ጋር አስመጪው በካርቶኑ ላይ በአማርኛ ሁለት መስመር እንዲለጥፍ ይጠየቅ፤ አንዱ የወደቡን ፍጥነት፣ ሌላው ማሻሻያ የሚቆምበትን ዓመት የሚገልጽ ይሁን። አስመጪው መረጃውን ዕቃውን ሲያዝ ከአምራቹ መጠየቅ ስለሚችል፣ የሚጨመርበት ወጪ የማተሚያው ነው።