ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው?

በለንደን፣ በዱባይ ወይም በዶሃ ቤቶች በሚሠራበት ባለ ሦስት እግር ስፒና ውስጥ አንዲት ትንሽ ፊውዝ አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት መዳብ ያጠራት ብሪታንያ ብዙ ሶኬቶችን በአንድ የ30 አምፔር መስመር ላይ መቀጠልን መረጠች። ቀጭን የመብራት ገመድ ግን ይህን ያህል ኮረንቲ አይሸከምም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ደረጃ ለየስፒናው የራሱን ፊውዝ ሰጠው።

ፊውዟ በዋናነት የምትጠብቀው መሣሪያውን ሳይሆን ገመዱን ነው። ሽቦዎቹ ተነካክተው ሾርት ሲፈጠር የሚቀረው ተቃውሞ ግማሽ ኦም ቢሆን፣ በ230 ቮልት 460 አምፔር ይፈሳል፤ ፊውዟም በቅጽበት ትቀልጣለች። ይልቅስ አስቸጋሪው ዝግተኛው ጥፋት ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ገመድ ድምፅ ሳያሰማ ይግላል፤ ኮረንቲው በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በተቃጠለችው የ3 አምፔር ፊውዝ ምትክ የ13 አምፔር የገባ እንደሆነ፣ ገመዱ 19 እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ሲያመነጭ እንኳ የሚያቋርጠው የለም።

በአገር ቤት እንደሚዘወተረው በሽቦ ቁራጭ ከተቀጠለች ደግሞ ነገሩ ሁሉ ለዋናው ብሬከር ይተዋል። እሱ የተመጠነው ግን በግድግዳው ውስጥ ላለው ወፍራም ሽቦ እንጂ መጋረጃ ሥር ለተጋደመው ቀጭን ገመድ አይደለም።