“የምድር ውስጥ ባቡር” የምስጢር ቃላትና አመጣጣቸው

ቋንቋ የሰው ልጅ ሐሳቡን የሚገልጽበት ብቻ ሳይሆን፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የሚሰውርበትም መሣሪያ ነው። በሀገራችን የቅኔ ትምህርት “ሰምና ወርቅ” በመባል የሚታወቀው ጥበብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን የተማረና ያስተዋለ ነው። በቅኔ ዓለም ወርቁ ያመለጠው ሰው የሚያጣው የጥበቡን ጣዕም ነው። በአሳዳጆች መካከል ተሸሽገው ለሚኖሩ ሰዎች ግን የአንዲት ቃል ምስጢር በማይገባው ጆሮ መግባቱ ነጻነትን፣ ብሎም ሕይወትን ሊያሳጣ የሚችል ጉዳይ ነው።

ከዚህ አኳያ በሰነድ ተደግፈው ለትውልድ ከተላለፉ ምሳሌዎች መካከል፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ወደ ነጻነት ያመለጡበት “የምድር ውስጥ ባቡር” የተሰኘው የምስጢር መረብ የሚጠቀሱባቸው ቃላት ይገኙበታል። መረቡ ስሙ እንደሚያመለክተው ባቡርም ሆነ የምድር ውስጥ መንገድ አልነበረም። ነጻ ጥቁሮች፣ ኩዌከር በመባል የሚታወቁት የሃይማኖት ማኅበር አባላትና ሌሎች የባርነት ተቃዋሚዎች በየቤታቸው ሸሽተው የመጡትን እያሳደሩ ወደ ሰሜናዊ ግዛቶችና ወደ ካናዳ የሚያሻግሩበት ትብብር ነበር።

የቃላቱ መነሻ የወቅቱ ሕግ ነው

ቃላቱ ለምን እንዳስፈለጉ ለመረዳት አስቀድሞ ሕጉን ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1860 በአሜሪካ በባርነት የተያዙት ሰዎች ቁጥር ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በ1850 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሸሽቶ ያመለጠን ሰው የሸሸገ ወይም የረዳ ማንኛውም ግለሰብ እስከ 1 ሺህ ዶላር መቀጮና እስከ 6 ወር እስራት እንደሚጠብቀው ደንግጓል። ከዚህም ባሻገር ጉዳዩን የሚመለከተው ኮሚሽነር የተያዘው ሰው ወደ ባርነት እንዲመለስ ሲወስን 10 ዶላር፣ በነጻ እንዲሰናበት ሲወስን ደግሞ 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። ተከሳሹም ስለ ራሱ የምስክርነት ቃል እንዳይሰጥ ተከልክሏል።

በመሆኑም ነጻ በሚባሉት ሰሜናዊ ግዛቶች እንኳ አስተማማኝ መሸሸጊያ ባለመኖሩ፣ በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነትን የሻረው ሕግ ከኦገስት 1 ቀን 1834 ጀምሮ ሥራ ላይ ወደዋለባት ወደ ካናዳ መዝለቅ ግድ ሆነ። ጉዞው በረዘመ ቁጥር የሚተማመኑ ሰዎች ቁጥር፣ በዚያው መጠንም የምስጢር ቃል አስፈላጊነት እየጨመረ መጣ።

“ጣቢያ”፣ “ተሳፋሪ” እና “ባለአክሲዮን”

የስያሜውን አመጣጥ በተመለከተ በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1831 ከኬንታኪ የኦሃዮን ወንዝ በዋና አቋርጦ የተሰወረን ሰው ሲያሳድድ የነበረው ባለንብረት “በምድር ውስጥ መንገድ ሳይሄድ አልቀረም” ብሏል ይባላል። ታሪኩ በትውፊት የተላለፈ ሲሆን፣ ስያሜው በጋዜጦች ላይ ተዘውትሮ መታየት የጀመረው በ1840ዎቹ ነው።

ወቅቱ የባቡር ሐዲድ በአሜሪካ መስፋፋት የጀመረበት በመሆኑ ሌሎቹም ቃላት ከዚሁ አዲስ ሥራ ተወሰዱ። ስደተኞች የሚያድሩበት ቤት “ጣቢያ”፣ የቤቱ ባለቤት “የጣቢያ ኃላፊ”፣ መንገድ የሚመራው ሰው “ኮንዳክተር”፣ ስደተኞቹ “ተሳፋሪዎች” ወይም “ጭነት”፣ ገንዘብ የሚያዋጡት ደግሞ “ባለአክሲዮኖች” ተባሉ። ጭነትና ጣቢያ በየገበያውና በየመሥሪያ ቤቱ ሲነሱ የሚውሉ ቃላት በመሆናቸው ማንም ሰው ቢሰማቸው የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው የቃላት ምንጭ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ራሳቸው ከባርነት ያመለጡት ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1855 ባሳተሙት ግለ ታሪክ፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ስለ ከነዓን ሲዘምሩ በልባቸው የነበረው የአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል እንደነበር ጽፈዋል። ዘወትር የሚሰማ መዝሙር በመሆኑ ከጌቶቹ ጆሮ ቢደርስም የተለመደ ጸሎት ሊመስል ይችል ነበር።

ተመርምሮ ያለፈው ደብዳቤ

የዚህን ዘዴ አሠራር በግልጽ ከሚያሳዩት ክስተቶች አንዱ በዲሴምበር 1854 በሜሪላንድ ግዛት ተፈጽሟል። በ1849 ከዚያው አካባቢ ያመለጡትና “ሙሴ” በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ሐሪየት ተብማን ሦስቱ ወንድሞቻቸው ከገና በዓል ማግስት ሊሸጡ መሆኑን ሰሙ። ተብማን ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ደብዳቤ አስጽፈው፣ ማንበብ ለሚችል ጄኮብ ጃክሰን ለተባለ ነጻ ጥቁር በልጁ ስም ላኩለት።

ደብዳቤው ወንድሞች በጸሎት እንዲተጉ፣ የጽዮን መርከብ ስትመጣም ለመሳፈር ዝግጁ ሆነው እንዲጠብቁ የሚያሳስብ ነበር። በዘመኑ ለጥቁሮች የሚላክ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ኃላፊዎች አስቀድሞ ይነበብ ስለነበር ይህም ተከፈተ። ላኪ የተባለው ልጅ ወንድሞች እንደሌሉት የሚያውቁት መርማሪዎች ግራ ተጋብተው ጃክሰንን አስጠሩት። ጃክሰን መልእክቱ ወዲያውኑ ቢገባውም ደብዳቤው ለእርሱ የተላከ ሊሆን እንደማይችልና ምንም እንዳልተረዳው ገልጾ ወጣ፤ ወንድሞችንም አስጠነቀቀ።

ተብማን ደርሰው ወንድሞቻቸውን ይዘው ሲወጡ በወላጆቻቸው ቤት አቅራቢያ በበቆሎ ጎተራ ተደብቀው ነበር። ለእናት ምንም አልተነገራቸውም። አባት ምግብ ያቀበሉ ሲሆን፣ በኋላ ሲጠየቁ ልጆቻቸውን አላየሁም ብለው ያለ ሐሰት መመለስ እንዲችሉ ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው ሸኝተዋቸዋል። ወንድሞች በዚያው ወር መጨረሻ ፊላደልፊያ ገብተዋል። ተብማን ወደ 13 በሚጠጉ ጉዞዎች 70 ያህል ሰዎችን እንዳወጡ የታሪክ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

ምስጢሩን ለታሪክ ያቆየው ጸሐፊ

በፊላደልፊያ ስደተኞቹን ከተቀበሉት መካከል በፔንሲልቬንያ የጸረ ባርነት ማኅበር ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉት ዊልያም ስቲል ይገኙበታል። በ1856 ከሃሪስበርግ ከተማ የተላከላቸው አንድ አጭር መልእክት አራት ትላልቅና ሁለት ትናንሽ የአሳማ ጭኖች በሁለት ሰዓት መላካቸውን ይገልጻል። ስቲል ግን አራት አዋቂዎችና ሁለት ሕፃናት እየመጡ መሆኑን ተረዱ። በመልእክቱ ውስጥ የተጨመረች አንዲት ተራ ቃል ደግሞ ተጓዦቹ በተለመደው ሳይሆን በሌላ የባቡር መስመር እንደሚመጡ የምትጠቁም ነበረች።

ስቲል ለሥራቸው የተለየ ትርጉም እንዲሰጡ ያደረጋቸው በ1850 ያጋጠማቸው ክስተት ነው። ከ40 ዓመታት በላይ በባርነት ቆይቶ ቤተሰቡን ፍለጋ ወደ ቢሯቸው የመጣ አንድ እንግዳ የወላጆቹን ስም ሲናገር፣ እናታቸው ሲያመልጡ ጥለውት ለመሄድ የተገደዱት የገዛ ወንድማቸው ፒተር መሆኑን አወቁ። ከዚህም በኋላ የተለያዩ ቤተሰቦች ይገናኙ ዘንድ የእያንዳንዱን ስደተኛ ስም፣ የቀድሞ መኖሪያና የአመላለጥ ሁኔታ በጥንቃቄ መዘገቡ። መዝገቡ ቢያዝ ብዙዎችን ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ በአንድ የመቃብር ሥፍራ ሕንፃ ውስጥ የሸሸጉበት ጊዜ ነበር። ባርነት በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከተሻረ በኋላ፣ በ1872 መዝገቡን በመጽሐፍ መልክ አሳትመውታል።

እውነቱንና ትውፊቱን መለየት

በሌላ በኩል የምስጢር ቃል በባሕርዩ በጽሑፍ እንዲቀመጥ የማይፈለግ በመሆኑ ክፍተቱን አፈ ታሪክ ሲሞላው ይታያል። በስደተኞች መንገድ ላይ ይሰቀሉ ነበር ስለተባሉ ምስጢራዊ ጥልፍ ያላቸው የአልጋ ልብሶች የሚያወሳው ትረካ በስፋት የታወቀው በ1999 በታተመ መጽሐፍ ሲሆን፣ በዘመኑ በተጻፈ ሰነድ አልተደገፈም። የከዋክብትን አቅጣጫ ይጠቁም ነበር የሚባለው ዝነኛ መዝሙርም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1928 ነው። በአንጻሩ የስቲል መልእክቶችና የዳግላስ ምስክርነት በቦታው በነበሩ ሰዎች የተጻፉ በመሆናቸው ተአማኒነታቸው ከፍ ያለ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው የምስጢር ቃላቱ ኃይል በቃሉ እንግዳነት ሳይሆን በተናጋሪና በሰሚ መካከል በነበረው መተማመን ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊዎች እያንዳንዱን ቃል አንብበዋል፤ የጎደላቸው መዝገበ ቃላት አልነበረም። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በታማኝነት የተያዘ መዝገብ ያለው ዋጋ ነው። ቃላቱ ሰዎቹን ከአሳዳጆቻቸው ሰወሩ፤ የአንድ ጸሐፊ መዝገብ ደግሞ ስማቸው ከታሪክ እንዳይሰወር አደረገ።