ድምፅ «ከፍ አለ» ስንል ጎላ ወይስ ቀጠነ?

ተማሪዎችን «ድምፅ ከፍ አለ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ብንጠይቅ ገሚሱ «ጮኸ»፣ ገሚሱ «ቀጠነ» ይለናል። ሁለቱን ካልለየንላቸው የድምፅ ትምህርት ገና ከመነሻው ይደበላለቃል።

ድምፅ የሚፈጠረው አንድ አካል ሲርገበገብ ነው። የክራር ክር ስንመታ ክሩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በዙሪያው ያለውን አየር ይገፋል፤ ግፊቱም በሞገድ መልክ እየተላለፈ ጆሯችን ይደርሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አየር ውስጥ ፍጥነቱ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ነው። ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ እኩል ይጓዛል፤ አለዚያማ የሩቅ ዘፈን ተዘበራርቆ በደረሰን ነበር።

ክሩ በአንድ ሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት ድግግሞሽ ወይም ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው። 440 ኸርዝ ማለት በሴኮንድ 440 ምልልስ ነው። ድግግሞሹ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። ክሩ ከቦታው የሚርቅበት መጠን ደግሞ አምፕሊቲዩድ ነው፤ ይህ ሲጨምር ድምፁ ይጎላል እንጂ አይቀጥንም።

እስቲ እንሞክረው። አንዱን የክራር ክር መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል እንምታው፤ ጎላ እንጂ አልቀጠነም። አሁን ክሩን ወጠር አድርገን እንምታው፤ ቀጠነ! ማሲንቆም ስንገዘግዝ ጭራውን እመሀሉ ላይ በጣት ብንይዘው የሚርገበገበው ርዝመት በግማሽ ያጥራል፤ ድግግሞሹም እጥፍ ይሆናል። ሙዚቀኞች ኦክታቭ የሚሉት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ክፍል ስንገባ «ከፍ አለ» ብለን አንለፈው፤ «ቀጠነ» ወይም «ጎላ» እንበል። ቋንቋችን ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል፤ እኛም ለይተን እናስተምር።