በኮሮና ጊዜ፣ በ1,400 ብር፣ ፊት ሳይታይ ድራማ እንዴት ተሰራ?

"አባትህ ሰርቶ ነው የሞተው።"

ማስክ ያደረገው ልጅ ያለው ይህንን ነው። ከስምንት ሜትር ርቀት ቆመን የምናየው ሰዎች የሰማነው ግን "አባትህ ፈርቶ ነው የሞተው" የሚል ነበር። የለቅሶ ትዕይንት ላይ በሳቅ ፈረስን። ልጁ ተናዶ ስክሪፕቱን ወረወረው። እውነተኛው ችግራችን ብር ሳይሆን ማስኩ እንደሆነ የገባን ያን ቀን ነው።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነው። ታስታውሳላችሁ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በዚያው ወር መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት በፈረቃ ሲጀመር የሰፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አንድ ሥራ ልስራ አለ። እኔ 12ኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፣ ሰፈር ውስጥ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ የክበቡ አባል ስለነበረች "ና አግዘን" አለችኝ፣ ሄድኩ።

እንዴት እንደተሰራ ልንገራችሁ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ባይመጣም አዳራሽና ብር የሌለው የድራማ ክበብ ሞልቷል።

መጀመሪያ ማስኩ ምን እንደሚያደርግ። ማስክ ድምፅን እኩል አይቀንስም። በብዛት የሚያፍነው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው፤ ሰ፣ ፈ፣ ሸ የመሳሰሉትን። እነሱን ደግሞ ከጆሯችን በተጨማሪ ከንፈር አይተን ነው የምንለያቸው። ማስኩ ሁለቱንም ወሰደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሜዳ ነው፣ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ "ጮክ በል" ማለት ብቻውን አይሰራም። ጮክ ብሎ "ሰርቶ" ቢልም የሚሰማው ጮክ ያለ "ፈርቶ" ነው! በመጨረሻ ቃሉን ቀየርነው፦ "አባትህ ደክሞ ነው የሞተው።" ደ እና መ ማስክ አልፈው ይመጣሉ። ስክሪፕቱን በሙሉ እንደዚህ አጣራነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ርቆ ይቆምና የሰማውን ይጽፋል። የተሳሳተው ቃል ይወጣል፣ በቃ።

ታሪኩ ራሱ የመጣው ከክልከላው ነው፤ ሐሳቡ የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አንድ አባት ሞቷል። ቤት ውስጥ አራት ሰው አለ፣ አምስተኛ መግባት አይችልም። አምስተኛው ከሩቅ ሀገር የመጣው የሟች ልጅ ነው። ድራማው በሙሉ ልጁ ከአጥር ውጭ ቆሞ ከውስጥ ካሉት ጋር የሚነጋገረው ነው። እዩት እስቲ፦ በአጥር መሀል ስለሚነጋገሩ መጮሃቸው ያለ ነው፣ ተራርቀው መቆማቸው ያለ ነው፣ ዕቃው አንድ አግዳሚ ወንበርና የተወጠረ ገመድ ብቻ ነው። እናትየው ደግሞ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች፤ ለቅሶ ቤት ማን ይገርመዋል? ክልከላውን ለመደበቅ ከመሞከር ታሪኩ ውስጥ ማስገባቱ ብዙ ወጪ አዳነን።

ከዚያ ፈረቃው መጣ። ግማሹ ተዋናይ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ነው የሚማረው፣ ግማሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። አይገናኙም! ልምምዱ ወደ ቴሌግራም ሄደ። ቪዲዮ ዳታ ይጨርሳል፣ ድምፅ ግን ርካሽ ነው። ድምፅ ስንላላክ ከርመን አንድ ነገር ታየን፦ ለምን ድምፁን ቀድተን በሚኒ ሚዲያው ስፒከር አናጫውተውም? ተዋናዮቹ ማስክ አድርገው በሰውነታቸው ብቻ ይጫወታሉ።

አቀዳዱ ቀላል ነው። ሰፈር ዝም ሲል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጎ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር ራቅና ትንሽ ወደ ጎን ዞር አድርጎ። ቀጥታ አፍ ላይ ከተያዘ "በ" እና "ፐ" ትንፋሹ ይመታዋል። ብርድ ልብሱ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጣል። ውሻ ግን አይውጥም፣ የአንዱን ልጅ ክፍል አራት ጊዜ ደግመነዋል።

ፊት ስለማይታይ ስሜቱ በትከሻ፣ በአንገት፣ በእጅ መነገር አለበት። የጥንት ግሪክ ተዋንያንም ጭምብል አጥልቀው ነበር የሚጫወቱት፣ አዲስ ነገር አልፈጠርንም። ልጆቹን የከበዳቸው መቀነሱ ነው። ሁሉም በአንዴ እጁን ሲያወናጭፍ ማን እየተናገረ እንደሆነ አይታወቅም። ደንብ አወጣን፦ ተናጋሪው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ወደ እሱ ያያል።

ከመቅረቡ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናት ሆና የምትሰራው ልጅ አያቷ ታመሙ። ሚያዝያ ነበር፣ በሽታው በጣም የጨመረበት ሰሞን። ልጅቷ ቤት ቀረች፣ መውጣት አትችልም። ድምፅዋ ግን በእጃችን ነበር። ነጠላውን ሌላ ልጅ ለበሰችው፣ ትወና ሞክራ የማታውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ። ቃል መሸምደድ አላስፈለጋትም።

ሜዳውን እንደ ኳስ ሜዳ በኖራ ምልክት አደረግንበት። 10 በ10 ሜትር ቦታ ላይ በየ2 ሜትሩ ሰው ካስቀመጣችሁ 36 ሰው ይይዛል። ለዚህም ነው ሁለት ቀን፣ ለሁለቱም ፈረቃ ያሳየነው። 1,400 ብሩ ከአባላቱ መዋጮ ነበር፤ ኖራ፣ ገመድ፣ ሳኒታይዘርና ትርፍ ማስክ ላይ አለቀ።

የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ መጨረሻው ትዕይንት ላይ፣ መብራት ጠፋ።

እናትየው ለልጇ ቦታ ለመልቀቅ ከቤት ልትወጣ የምትነሳበት ቦታ ነው። እሷ ካልወጣች እሱ አይገባም። ስፒከሩ ዝም አለ። የ9ኛ ክፍሏ ልጅ አንድም ቃል አታውቅም፣ እንደቆመች ቀረች። እኔ በአንድ ጥግ ስልክ ይዣለሁ፤ ቤት የቀረችው ልጅ ድራማውን እንድትሰማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደውለንላት ነበር። "መብራት ጠፋ፣ አንቺ በይው" አልኳት። ላውድስፒከር ላይ አድርጌ ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት።

አለችው። ድምፅዋ ትንሽ እየተቆራረጠ፣ የኋላው ሰው ሳይሰማ፣ የፊቶቹ ሁለት ረድፎች ብቻ እየሰሙ። ነጠላ የለበሰችው ልጅ ቃሉ ሲያልቅ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ገመዱን አልፋ ወጣች፣ ልጁ ገባ።

ሲያልቅ የኋላ ተመልካቾች ወደ እኛ መጡና "እናትየው ምን ብላው ነው የወጣችው?" አሉን። ቅጂውን ማታ በቴሌግራም ላክንላቸው።