ተረትና እውነታ፦ የተደበቀ ፋይል አልጠፋም፤ አልተቆለፈምም

ፍላሹ ተሰክቶ ሲከፈት ሰነዶቹ የሉም፤ የተደረደረው ሾርትከት ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት አድርገው።» ከዚህ የባሰ ምክር መስጠት ይከብዳል። የሾርትከት ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ሰነዱን አይሰርዝም፤ «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ይለጥፍበትና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ፍላሹ ባዶ መስሎ የተያዘው ቦታ ግን ካልቀነሰ፣ ፋይሉ እዚያው አለ። የሚያጠፋው ፎርማቱ ነው።

«በዶስ ፈልጌ አጣሁት» የሚሉም አሉ። ዲር የሚለው ትእዛዝ ለብቻው ድብቅ ፋይል አያሳይም። ስላሽ ኤ ሲጨመርበት የተደበቀውን ያወጣል፤ ስላሽ ኤስ ደግሞ በውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ያስሳል። የፋይሉን ስም በከፊል ብቻ የሚያስታውስ ሰው ያቺን ቁራጭ በሁለት ኮከብ ምልክቶች መካከል ይጻፍ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ቢታይ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የመስኮቱ ፎንት ፊደላችንን ስለማያውቅ ነው። በነገራችን ላይ መስኮቱም ዶስ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2001ዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ ለቤት ተጠቃሚ የቀረቡት ዊንዶውሶች በዶስ ላይ አልተሠሩም፤ ትእዛዞቹን ግን ወርሰዋል።

በይዘት ለመፈለግ ፋይንድስትር የሚባል ትእዛዝ አለ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ጎበዝ ነው፤ የዛሬው የወርድ ሰነድ ግን የታመቀ ጥቅል ስለሆነ፣ ቃሉ በገጹ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየም «የለም» ይላል።

የተደበቀውን መመለስ አትሪብ የሚባለው ትእዛዝ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። «ማይነስ ኤች» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ትእዛዙ እምቢ ይላል፤ የሲስተም ምልክት ያለበት ፋይል ድብቅነቱ ለብቻው አይነሳለትም። ማይነስ ኤች እና ማይነስ ኤስ በአንድ መስመር አብረው ይሰጡ፤ ስላሽ ኤስ እና ስላሽ ዲ ሲታከሉ ፎልደሮቹም ይመለሳሉ። አትሪብ ግን ቫይረሱን አይገድልም። ሾርትከቶቹን ደብል ክሊክ ማድረግ ቫይረሱን ማስነሳት ስለሆነ፣ አንቲቫይረስ እስኪያጸዳው ድረስ አይነኩ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ፕላስ ኤች፣ ፕላስ ኤስ ብዬ ደብቄዋለሁ፣ ማንም አያገኘውም» የሚለው እምነት ነው። ያ ምልክት ከፋይሉ ስም አጠገብ የተጻፈ ማስታወሻ እንጂ የይለፍ ቃል አይደለም፤ ከላይ ያለውን መስመር የሚያውቅ ሁሉ በሰከንድ ያነሳዋል። «ለንባብ ብቻ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም፤ ዴል የሚባለው የማጥፊያ ትእዛዝ በስላሽ ኤፍ ከታዘዘ ያልፈዋል። ከስህተት እጅ ይጠብቃል፣ ከሰው ዓይን ግን አይጠብቅም።

እውነተኛው መቆለፊያ ሌላ ነው። በዊንዶውስ ፕሮ ሳይፈር የሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን ያመሰጥራል፤ አይካክልስ ደግሞ ማን ይክፈት ማን አይክፈት የሚለውን ይወስናል። ሁለቱም በዋናነት የተሠሩት ኤንቲኤፍኤስ በሚባል ፎርማት ለተዘጋጀ ዲስክ ነው። ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ስለሆነ፣ ለእሱ ሰባት ዚፕን በመሰለ ፕሮግራም በይለፍ ቃል ማሸግ ይቀላል፤ ሲያሽጉ የፋይል ስሞቹንም የሚያመሰጥረውን ምርጫ ይጫኑ፣ አለዚያ ይዘቱ ቢቆለፍም ስሞቹ ለማንም ይነበባሉ።